የጌጤ ጠመንጃ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ክተት ታወጀ፤ ከየቤቱ የበኩር ልጅ መሣሪያ ይዞ እንዲወጣ ተጠየቀ። በኩር ሲባል ወንድ ማለት እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። በአንድ ቤት ግን በኩሯ ጌጤ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ለትልቅ ሰው ተድራለች፤ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ግን ገና ከባሏ ጋር አልኖረችም። አባቷ የቤቱን ጠመንጃ ለባሏ ሰጥተው እርሱ በቤተሰቡ ስም እንዲዘምት ወሰኑ። ጌጤ እንቢ አለች። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ ዘማቿም እኔ ነኝ አለች። አባቷ አልተቀበሉም። እርሷም ከሰሰቻቸው።

ያለ ፍርድ ስለሄደች ጭብጦ የሚንገበገብ፣ በሕግ አምላክ ሲባል ባለበት የሚቆም ሕዝብ ልጅ ናት። መክሰሷ ብዙ ላያስደንቅ ይችላል። የሚያስደንቀው ተከሳሹ የገዛ አባቷ መሆናቸው፣ ክርክሩም በጠመንጃ ላይ መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሰምተው ለልጅቷ ፈረዱላት። ጠመንጃውን ተቀብላ ወደ ላይ አነሳች፣ ፎከረች፣ ከዘማቾቹም ጋር ሄደች።

ይህን የቤተሰብ ታሪክ ለዓለም አንባቢ ያደረሰችው የጌጤ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ናት። መዓዛ ታሪኩን ስትሰማ ስለ ሴት አርበኞች የምትጽፈውን ረጅም ልብ ወለድ ከጀመረች ዓመታት አልፈው ነበር። በጣሊያን መዛግብት ውስጥ የአንዲት ሴት ዘማች ስም ባገኝ እያለች ስትቆፍር ቆይታ፣ አንድ ቀን እናቷ ስለ ቅድመ አያቷ እንደ ተራ ወሬ አነሱላት። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ብትጠይቅ፣ ጠይቀሽኝ አታውቂም የሚል መልስ አገኘች።

የመዓዛን ሥራዎች ለመረዳት ከዚህ መልስ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በእኛ አገር የጦርነት ታሪክ ሁለት ቤት አለው። አንዱ አደባባይ ነው፤ ሐውልት፣ ሰልፍ፣ ሜዳሊያ፣ የድል በዓል ያለበት። ሌላው ጓዳ ነው። እዚያ ስንቅ ያዘጋጁ፣ ቁስለኛ የተሸከሙ፣ ጥይት ያቀበሉና ራሳቸውም የተኮሱ ሴቶች ቡና ሲፈላ በቁርጥራጭ የሚያወሩት ታሪክ ይኖራል። ጠያቂ ካላገኘ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል። መዓዛ በሁለት ልብ ወለዶቿና በአጫጭር ታሪኮቿ የጓዳውን ወሬ ወደ አደባባይ ስታወጣ ኖራለች።

በአራት ዓመት የተቋረጠ ልጅነት

የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ቤተሰቧ አገር ጥሎ ወጣ፤ እርሷ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። የቀረው ልጅነቷ በሌጎስ፣ በናይሮቢና በአሜሪካ አለፈ። ሦስት አጎቶቿ በዚያ ዘመን ሞተዋል። የአራት ዓመት ልጅ ፍርሃትን ያስታውሳል፤ የተኩስ ድምፅ፣ የተዘጋ በር፣ የትልልቅ ሰዎች ሹክሹክታ አእምሮው ውስጥ ይቀራል። ምክንያቱን ግን አያውቅም። ብዙ የስደተኛ ልጆች ያንን ምክንያት ሳያገኙ ያረጃሉ፤ ወላጆቻቸውም ስለማያነሱት ልጆቹ አለመጠየቅን ይለምዳሉ። መዓዛ ያደገችው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በኋላ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ስታጠና መጻፍ የጀመረችው ስለዚያ ዘመን ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ሆነ፤ ርዕሱ በአማርኛ «ከአንበሳው ዓይን ሥር» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1966 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ኃይሉ ሚስቱ በጽኑ ታማበታለች። ዮናስና ዳዊት የሚባሉት ሁለት ልጆቹ ደግሞ በለውጡ ላይ አልተስማሙም፤ አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው ወደ ትግሉ ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ይወርዳሉ፣ ደርግ ይመጣል፣ መንገዱ በሬሳ ይሞላል። ከዚያ ወታደሮች በግርፋት የተበላሸች አንዲት ወጣት ለኃይሉ ያመጡለታል። እንዲያድናት የተፈለገው ምርመራው እንዲቀጥል ነው። ሐኪሙ ይህን ያውቃል። ልጅቷም ታውቃለች።

ይህ ትዕይንት ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ነው። ማዳን ለገራፊ መልሶ መስጠት ሲሆን የሕክምና መሐላ ምን ያዛል? ኃይሉ መርዝ ይሰጣትና ስቃይዋን ያበቃል፤ ከዚያም ራሱ ይታሰራል። ስለ ቀይ ሽብር ብዙ ትዝታና ምስክርነት አንብበናል፤ አብዛኛው የድርጅቶችና የመስመር ክርክር ታሪክ ነው። መዓዛ ያ ዘመን አንድን ቤተሰብ በእራት ገበታው ዙሪያ እንዴት እንደሰነጠቀው ታሳያለች። በዕድሜዬ ያሉ አንባቢዎች በዚያ ገበታ ላይ የራሳቸውን ቤት ያያሉ ብዬ አምናለሁ።

ካሜራ የያዘው ወታደር

ሁለተኛው መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። መዓዛ ፉልብራይት በሚባለው የጥናት ዕድል ወደ ጣሊያን ሄዳ ስለ ወረራው መረጃ ሰበሰበች፣ ጣሊያንኛም ተማረች። ሙሉ ረቂቅ ከጻፈች በኋላ ግን ጣለችው። ያ ረቂቅ ቀኑንና ጦርነቱን በትክክል ይከተል ነበር፤ ሕይወት ግን አልነበረውም። እንደገና ስትጀምር መንገዱን ያሳያት ፎቶግራፍ ነው።

የሙሶሊኒ ወታደሮች ከጠመንጃ ጋር ካሜራም ይዘው ዘምተው ነበር። ያነሷቸው ፎቶዎች ዛሬም በጣሊያን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይሸጣሉ። መዓዛ ለዓመታት እየገዛች አከማቸቻቸው፤ በኋላም «ፕሮጀክት 3541» በሚል ስም የፎቶና የትዝታ ማኅደር ከፈተች። ቁጥሩ የወረራውን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያለውን ያመለክታል። በፎቶዎቹ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ደረታቸውን እንዲገልጡ የታዘዙ፣ ከወታደር ጎን እንዲቆሙ የተደረጉ ልጃገረዶች አሉ። እንዲህ ያሉ ምስሎች በፖስታ ካርድ እየታተሙ ወጣቱን ወደ አፍሪካ ዘመቻ ለማማለል ያገለግሉ ነበር።

ነገሩ ከምስል ያለፈ ነበር። በጣሊያን እጅግ የተከበረው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወጣትነቱ በዚህ ጦርነት ዘምቷል። በዘመቻው ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ከአባቷ ገዝቶ እንደ ሚስት እንደያዘ እ.ኤ.አ. በ1969 በቴሌቪዥን ቀርቦ ያለ ሐፍረት ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ የነበረችው ጋዜጠኛ ኤልቪራ ባኖቲ በአውሮፓ ቢሆን ይህ የሕፃን መደፈር ይባል እንደነበር ፊት ለፊት ነገረችው። ይኸው ሰው ጣሊያን በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ አልተጠቀመችም እያለ ከታሪክ ምሁሩ አንጀሎ ዴል ቦካ ጋር ለዓመታት ተሟግቷል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከወረራው 60 ዓመት በኋላ። ሞንታኔሊም ያኔ ተሸነፈ። በቆዳቸው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጠባሳ ይዘው ለኖሩት አባቶቻችን ይህ የምሥራች አልነበረም። እነርሱ ድሮም ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም እንጂ።

«ጥላው ንጉሥ» ብለን ልንጠራው የምንችለው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። የሚከፈተው በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነው። ዘመኑ 1966 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋ በአብዮት እየተናጠች ነው። ሂሩት የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት የብረት ሣጥን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሣጥኑ ውስጥ ፎቶዎችና ደብዳቤዎች አሉ። የምትጠብቀው ኤቶሬ ናቫራ የሚባለውን ጣሊያናዊ ነው፤ በወጣትነቷ እስረኛ ሳለች ፎቶ ያነሳት ወታደር እርሱ ነው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሂሩት ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት የምታገለግል ልጅ ናት። ያላት ንብረት ከአባቷ የቀረላት ውጅግራ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ኪዳኔ ለጦሩ ብሎ ውጅግራዋን ይወስድባታል። የጌጤ ታሪክ ከመሰማቱ በፊት ጠመንጃ የተነጠቀች ልጅ ታሪክ በመዓዛ ልብ ውስጥ እንደነበረ ሳስብ እገረማለሁ። አስቴር የአንድ ልጇን ሞት ያልወጣላት፣ ለሂሩትም ጨካኝ የሆነች እመቤት ናት። ጦሩ ሲዘምት ግን ሴቶችን አሰባስባ ስንቅ ብቻ አንሸከምም ትላለች። ኪዳኔ ጀግና የጦር አዛዥ ነው፤ በሌሊት ደግሞ ሂሩትን ይደፍራል። መዓዛ ለአርበኛው ስትል ደፋሪውን አልሸሸገችም። የአገር ነጻነት ትግል ውስጥ አንዲት ገረድ በገዛ ወገኗ ላይ ሌላ ጦርነት እንደምትዋጋ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ የዚህን መጽሐፍ ክብር ከምንም በላይ የማየው እዚህ ላይ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ የጦሩ ልብ ይሰበራል። በልብ ወለዱ ውስጥ ምንም የሚባል ድሃ አዝማሪ ንጉሡን በመልክ ይመስላል። አርበኞቹ የንጉሥ ልብስ ያለብሱትና በነጭ ፈረስ ላይ አስቀምጠው ከሩቅ ለሕዝብ ያሳዩታል፤ ሂሩት ጠባቂው ትሆናለች። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ነው። በሌላ በኩል በስደት ያሉት እውነተኛው ንጉሥ በጣሊያናዊው ቬርዲ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት የተደረሰውን «አይዳ» የተሰኘ ኦፔራ ደጋግመው ሲሰሙ እናገኛቸዋለን። የጣሊያን ምናብ ስለ ኢትዮጵያዊት ሴት ሲዘፍን፣ የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያውያትን ሲያስር።

አስቴርና ሂሩት ተማርከው በጣሊያናዊው ኮሎኔል ፉቼሊ ምሽግ ሲታሰሩ ካሜራው ይመጣል። ኤቶሬ የታዘዘውን ያነሳል። እርሱ ራሱ አይሁዳዊ ነው፤ ሮም ውስጥ በዘር ላይ የሚወጡት ሕጎች ወደ ቤተሰቡ እየቀረቡ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፎቶ የሚባሉ አጫጭር ክፍሎች አሉ። መዓዛ በእያንዳንዱ ላይ ከክፈፉ የቀረውን በቃል ትስላለች፤ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት የነበረውን ደቂቃ፣ የታሰረውን እጅ፣ ሴቲቱ ካሜራውን አልፋ የምታየውን ነገር። የሙታን ድምፅ የሚመስል ኅብረ ዝማሬም በየመሃሉ ይሰማል። ንግግሩ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ስለሚሄድ ቃሉ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንባቢ ቀስ ማለት አለበት። አንዳንድ የውጊያ ምዕራፎች በቃላት ውበት ተጭነው ሲዘገዩ አይቻለሁ። የፎቶ ክፍሎቹና ዝማሬው ግን ይህን ሥራ ከብዙ የጦርነት ልብ ወለድ በላይ ያደርጉታል።

ስለ ሴት አርበኞች የተጻፈው ሁሉ ፈጠራ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ከበደች ሥዩምን ያስታውስ። ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በጣሊያኖች ሲገደሉ እርሳቸው ጦሩን መርተው መዋጋት ቀጠሉ። አርበኛዋ ሸዋረገድ ገድሌም አሉ። ስንዱ ገብሩ ደግሞ አሲናራ በተባለችው የጣሊያን ደሴት ታስረው ተመልሰው መምህርት፣ ደራሲና የፓርላማ አባል ሆኑ። እነዚህ ስማቸው የተረፈላቸው፣ አብዛኞቹም ከታወቀ ቤት የወጡ ወይዛዝርት ናቸው። የሂሩት ቢጤዎች፣ ውኃ የቀዱና ጥይት ያጎረሱ ገረዶች፣ ስም አልተረፈላቸውም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ስድስት እጩዎች ውስጥ ገባ። ዋናውን ሽልማት ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ወሰደ። በፊልም ለመሥራትም ዳይሬክተር ኬዚ ሌመንስ እንደያዘችው ተነግሮ ነበር።

የአዲስ አበባ ጨለማ

በዚያው ዓመት መዓዛ «አዲስ አበባ ኑዋር» የተባለ የአጫጭር ታሪኮች መድብል አርትዓ አወጣች። አካሺክ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ የዓለም ከተሞችን በወንጀልና በጨለማ ታሪኮች የሚያሳይበት ተከታታይ ሥራ አካል ነው። በመድብሉ ከ14 ጸሐፍት የተሰበሰቡ ታሪኮች አሉ። እዚህ ያሉትና ውጭ ያሉት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩም፣ ሌሊሳ ግርማ፣ ሱሌይማን አዶንያ፣ ሬቤካ ፍሥሐ፣ ሜሮን ሀዴሮ። በአማርኛ የሚጽፉትና በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ደራሲዎቻችን እንዲህ በአንድ ጥራዝ ሲገናኙ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ሜሮን በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ «የመንገድ ጠራጊው» እንደ ማለት በሆነ አጭር ታሪኳ ለአፍሪካውያን ጸሐፍት አጭር ታሪክ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

መዓዛ ራሷ ለመድብሉ የጻፈችው ታሪክ ርዕሱ «አቧራ፣ አመድ፣ በረራ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወንጀል ጽሑፍ ዘርፍ ትልቁን የኤድጋር ሽልማት በአጭር ታሪክ አሸነፈ። ታሪኩ የቆመው በአንድ እውነተኛ ሥራ ላይ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከአርጀንቲና የአስከሬን አጥኚዎች ቡድን መጥቶ ነበር። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ የተሰወሩ ሰዎችን አጥንት ለመለየት ነው። በአዲስ አበባ የጅምላ መቃብሮች ተከፈቱ። ከአፈሩ ውስጥ አጥንት ብቻ አልወጣም፤ ማነቂያ ገመድ፣ የልብስ ቁራጭ፣ ጫማም ወጣ። ቤተሰቦች ልጃቸውን በልብሱ ለዩ።

ለምን ይህ በወንጀል ታሪክ መድብል ውስጥ ገባ? በተለመደው የወንጀል ታሪክ አንድ ሬሳ ይገኛል፤ መርማሪው ገዳዩን ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ይያዛል። እዚህ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። የጠፋው የሟቹ ስም ነው። ምርመራው ተገልብጧል፤ ፍለጋው ከገዳይ ወደ ተገዳይ ዞሯል። በሩቅ አገር የራሳቸውን ወገን አጥንት የለቀሙ ሰዎች መጥተው የእኛን ሲለቅሙ ደግሞ ሁለት ሐዘኖች በአንድ ጉድጓድ ዳር ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ልብ ወለድ በየመንገዱ ወድቀው ያየናቸው ወጣቶች በዚህ አጭር ታሪክ ከመሬት ይነሳሉ ብል ማጋነን አይመስለኝም። በመካከላቸው ያለፈው ጊዜ አሥር ዓመት ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ከዚያ ጉድጓድ አልራቀችም።

መዓዛ አሁን በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ከ«ጥላው ንጉሥ» በኋላ ስትሠራበት የቆየችው ልብ ወለድ «የትናንሽ ሞቶች አጭር ምስል» እንደ ማለት ያለ ርዕስ ተሰጥቶታል፤ የሚወስደንም ወደ በርሊን፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ወደነበረችው ከተማ ነው። ለእኛ አንባቢዎች ሩቅ ሊመስል ይችላል። ያቺ ከተማ ግን አፍሪካውያንም የኖሩባት ነበረች፤ አስተናጋጆች፣ ተማሪዎች፣ የመድረክ ተጫዋቾች፣ በፊልም ውስጥ ባሪያና አሽከር ሆነው የሚቆሙ ተቀጣሪዎች።

ከእነርሱ አንዱ ባዩሜ ሞሐመድ ሁሴን ነው። ዳሬሰላም ተወልዶ ገና ልጅ ሳለ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን በአስካሪነት፣ ማለትም በቅኝ ገዢ ጦር ውስጥ በአፍሪካዊ ወታደርነት ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1929 ያልተከፈለውን ደመወዝ ሊጠይቅ በርሊን ሄደ፤ አልሰጡትም። አስተናጋጅ ሆነ፣ ስዋሂሊ አስተማረ፣ በናዚ ዘመን የቅኝ ግዛት ፊልሞች ላይም ተሳተፈ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከአንዲት ጀርመናዊት ጋር ግንኙነት አለህ ተብሎ ተያዘ፤ በ1944 ሳክሰንሃውዘን በተባለው የማጎሪያ ካምፕ ሞተ። የጀርመን ፊልም ሰሪዎች ለቅኝ ግዛት ናፍቆታቸው ፊቱን ፈለጉት፤ መንግሥታቸው ደግሞ ነፍሱን አጠፋ።

በ«ጥላው ንጉሥ» ውስጥም አስካሪዎች አሉ። ኢብራሂም የሚባለው አለቃቸው በፉቼሊ ሥር እያገለገለ፣ የሚያደርገውን እያወቀ፣ መውጫ የሌለው ሰው ነው። መዓዛ ባንዳ ብላ አልጣለችውም፤ ይቅርም አላለችውም። ስለ በርሊኑ ልብ ወለድ የምጓጓው በዚህ ምክንያት ነው። ለገዢው የተዋጋ፣ በገዢው ካሜራ ፊት የቆመ፣ ከዚያም በገዢው እጅ የጠፋ ጥቁር ሰው በእኛም በእነርሱም ታሪክ ውስጥ ምቹ ቦታ የለውም። አገሩ ከሃዲ ይለዋል፣ ያገለገላቸው ደግሞ ከሰው አይቆጥሩትም። አስቴርንና ሂሩትን ከፎቶው ክፈፍ አውጥታ ሙሉ ሰው ያደረገች ጸሐፊ በፊልም ጥግ ላይ ትሪ ይዞ የቆመውን ሰው ስም፣ ሚስት፣ ኩርፊያና ምኞት ሰጥታ እንዳነበው እፈልጋለሁ።